ተፋትተው ስለ ተገናኙ ባልና ሚስት

ባልና ሚስት በዳኛ ፊት ቆመው መለያየታቸው ከተጻፈ በኋላ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ነገሩ እንደ ተፈጸመ አድርጎ ይቈጥረዋል። ቤት ይከፈላል፤ ዕቃ ይቈጠራል፤ ሽማግሎችም ወደየቤታቸው ይገባሉ። ነገር ግን ሊከፈል የማይቻል አንድ ንብረት ይቀራል፤ እርሱም ሁለቱ አንዱ ስለ ሌላው ያላቸው ዕውቀት ነው። እርሱ ሲዋሽ ዓይኑን ወዴት እንደሚያዞር፥ እርስዋ ልቅሶ ሲመጣባት ለምን ሥራ እንደምታበዛ፥ ማን በሌሊት እንደሚቃዥ፥ ማን በራብ ጊዜ እንደሚቈጣ፥ ይህን ሁሉ ከእነርሱ በቀር አጥርቶ የሚያውቅ የለም። ዳኛውም ይህን ንብረት ለማንኛቸው እንደሚፈርደው የሚያመለክተው አንቀጽ የለውም።

ይህን እንድናስብ ያደረገን በደቡብ ኮርያ ተሠርቶ በቴሌቪዥን የታየ አንድ ተከታታይ የፍቅርና የሣቅ ቴአትር ነው። በአገሩ ቋንቋ ስሙ «የድንገተኛ ክፍል ወንድና ሴት» እንደ ማለት ሲሆን፥ በውጭ አገር «ኢመርጀንሲ ካፕል» በሚል ስም ይታወቃል። ነገሩ የውጭ አገር ነገር ስለ ሆነ ዘመኑን በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን። ቴአትሩ በ2014 ዓመት መጀመሪያ ወራት ቲቪኤን በሚባለው ጣቢያ ዓርብና ቅዳሜ ማታ በ21 ክፍል ታየ። ሚስቲቱን ሆና የተጫወተችው ሶንግ ጂ-ህዮ፥ ባልዋን ሆኖ የተጫወተው ቾይ ጂን-ህዩክ ነው። እኛም ከሥዕሉ ግርጌ የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጓሜ እያነበብንና ለቤተ ሰባችን እየነገርን እስከ መጨረሻው ተመለከትነው። ለወጣቶች መሣቂያ የተሠራ ነገር ለቤተ ሰብ ገጽ ምን ይረባል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ስለ ፍቺ በልቅሶ የተሠራው እጅግ ብዙ እንደ ሆነ፥ ተመልካቹም ካለቀሰ በኋላ ፊቱን ታጥቦ እንደሚረሳው እንነግረዋለን። የሣቀበትን ግን በማግሥቱ እንኳ ይከራከርበታል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኦ ቻንግ-ሚን ከሐኪሞች ቤተ ሰብ የተወለደ የሕክምና ተማሪ ነው። ኦ ጂን-ሂ ደግሞ የምግብ ባለሙያ ናት፤ ለጤነኛም ለበሽተኛም የሚስማማውን ምግብ መጥና የምታዝ ማለት ነው። የወንዱ ቤተ ሰብ እርስዋን ከልጃቸው በታች አድርገው ስለ ተመለከቱ ጋብቻውን ይቃወማሉ፤ ሁለቱ ግን በወጣትነት ፍቅር ተደፋፍረው ይጋባሉ። ከዚያ በኋላ የወላጆቹ ርዳታ ተቋረጠበትና ሐኪም ሊሆን የታሰበው ልጅ መድኃኒት ሻጭ ሆኖ በየሐኪሙ ደጅ ሊቆም ግድ ሆነበት። ያ ቀድሞ የተማሩት ጓደኞቹ የሚያዝዙበት ሥራ ነበረና በየማታው የሚመለሰው ውርደቱን ተሸክሞ ነው። እርስዋም ውርደቱ ስለ እርስዋ እንደ መጣ በየማታው ትሰማለች። ብዙ ሳይቈይ ተፋቱ። ከስድስት ዓመት በኋላ፥ ሁለቱም በየፊናቸው የሕክምናን ትምህርት ጨርሰው፥ በአንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ውስጥ ተለማማጅ ሐኪሞች ሆነው በአንድ ቀን ይቀጠራሉ።

በዚህ ላይ ስለ ስማቸው አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። ሁለቱም ኦ መባላቸው በጋብቻ የመጣ አይደለም፤ የኮርያ ሴት ስታገባ የአባትዋን ቤት ስም እንደ ያዘች ትኖራለችና። በዚህ ነገር የእኛ እናቶች በባል ስም ከሚጠሩት ከፈረንጅ ሴቶች ይልቅ ለኮርያ እናቶች ይቀርባሉ። የኮርያ ስም ግን ሌላ ችግር ነበረበት። ስማቸውና የትውልድ ሥራቸው አንድ የሆነ ወንድና ሴት፥ ዝምድናቸው በሃያ ትውልድ የራቀ ቢሆን እንኳ፥ እንዳይጋቡ ሕጉ ይከለክል ነበር። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ1997 ክልከላውን ካልተቀበለ በኋላ በ2005 ከሕጉ መጽሐፍ ወጣ። ሰባት ቤት ቈጥሮ ማጋባት ለለመደ ሰው ይህ እጅግ የከበደ ቈጠራ ነው።

ወደ ሆስፒታሉ እንመለስ። በኮርያ ሐኪም የሆነ ሰው ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ አንድ ዓመት ከክፍል ወደ ክፍል እየተዛወረ ይለማመዳል፤ በአንድ ሙያ ልዩ ሐኪም ለመሆንም ከዚያ በላይ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይጨምራል። በዚህ መሰላል ላይ ተለማማጁ የመጨረሻው ረድፍ ነው። ደም ይቀዳል፤ ቍስል ያጥባል፤ አልጋ ይገፋል፤ ሌሊቱን በወንበር ላይ ያነጋል፤ ሲያጠፋም በበሽተኛው ፊት ይዘለፋል። በ2005 ኮርያ ሌላ ትምህርት ጨርሰው ለሚመጡ ሰዎች የአራት ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ስለ ከፈተች፥ በሌላ ሙያ የሠራች ሴት ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ከታናናሾችዋ ጋራ ተሰልፋ መቆምዋ ከአየር የመጣ ልብ ወለድ አይደለም። ጂን-ሂ ከብዙዎቹ ተለማማጆች በዕድሜ የበለጠች ናት፤ በሥራው ደግሞ ስትጀምር ከሁሉ የምትዘገይ ናት። የክፍሉ አለቃ ጉክ ቾን-ሱ የሚባለው ሐኪም፥ ፊቱ የማይፈታ ብርቱ ሰው፥ ይህን ሥራ ተይው እስኪል ድረስ ይገሥጻታል።

በእኛ አስተያየት የቴአትሩ ዋና ነገር ያለው በዚህ ነው። ሁለቱ በጋብቻቸው ጊዜ አንዱ የሌላውን ሥራ አይተው አያውቁም ነበር። እርሱ የሚያያት በቤት ውስጥ ስትጠብቀው ነው፤ እርስዋም የምታየው ከሥራ ደክሞና ተቈጥቶ ሲገባ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ስለ ሌላው ድካም የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነበረ፤ በወሬ የመጣ ድካም ደግሞ ምን ጊዜም ከራስ ድካም ያነሰ ነው። አሁን ግን በአንድ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው የሚሞት ሰው ይዘዋል። እርሱ እጅዋ ሲንቀጠቀጥ ያያል፤ ተዘልፋም እንደ ገና ወደ ሥራዋ ስትመለስ ያያል። እርስዋም የባለጠጋ ልጅ ትላው የነበረው ሰው የበሽተኛ ትፋት ሲጠርግ ታያለች። አንድም የፍቅር ቃል ሳይነጋገሩ የቀድሞው ሒሳባቸው መለወጥ ይጀምራል።

ባልና ሚስት እንደ ነበሩ ማንም እንዳያውቅ መደበቃቸው ደግሞ የሣቁ ምንጭ ነው። የኮርያ ቋንቋ እንደ እኛው ቋንቋ የአክብሮትና የመቀራረብ አነጋገር አለው፤ ልዩነቱም በግሡ መድረሻ ይታወቃል። አንተና አንቺ ተባብለው በአንድ ማድ የበሉ ሰዎች በሰው ፊት እርስዎ መባባል ሲጀምሩ፥ አንዲት ቃል ስታመልጥ ነገር እንደምትገልጥ የእኛ አንባቢ ያለ አስተርጓሚ ያስተውለዋል። እኛ ግን ከሣቁ ሌላ ጥቅም አየንበት። ምስጢሩ በትዳራቸው ጊዜ ያልነበራቸውን ትሕትና አስገደዳቸው። የተናደደ ሰው ንዴቱን በአክብሮት ግሥ ለመናገር ሲገደድ ግማሹ በመንገድ ላይ ይቀራል።

ኮርያውያን «ጆንግ» የሚሉት አንድ ቃል አላቸው። ፍቅር ነው እንዳንል ከፍቅር ይለያል፤ ልማድ ነው እንዳንል ከልማድ ይሞቃል። ለረጅም ጊዜ አብረው በኖሩ ሰዎች መካከል ሳይታወቅ የሚበቅል መተሳሰር ነው። የሚያስደንቀን ግን ይህን ጆንግ ሁለት ዓይነት አድርገው መጥራታቸው ነው፤ አንደኛው ከመልካም ነገር የሚመጣ ጆንግ፥ ሁለተኛው ከጠብና ከመጠላላት የሚመጣ ጆንግ ይባላል። ሲጣሉ የኖሩ ሰዎች በጠቡ ምክንያት እንኳ ይተሳሰራሉ ማለት ነው፤ የሁለተኛው ዓይነትም እንደ ፊተኛው በቀላሉ አይቈረጥም ይላሉ። በአማርኛ ለዚህ አንድ ቃል ፈልገን ነበር። መላመድ ብንለው ያንሳል፤ ቂም ብንለው ይገለበጣል። እንግዲህ ቃሉን እንደ ኮርያው ትተነዋል። ጂን-ሂና ቻንግ-ሚን ሲገናኙ በመካከላቸው የቀረው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ደራሲውም በዚያ ላይ ፊተኛውን ቀስ ብሎ ይገነባበታል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ እውነት ሆኖ ያገኘነው ግን የወንዱ እናት ነገር ነው። ልጃቸውን የተነጠቁ መስሎአቸው ምራታቸውን ያቃለሉ እናት ናቸው። ከፍቺውም በኋላ ያችን ሴት ነጭ የሐኪም ልብስ ለብሳ በልጃቸው አጠገብ ቆማ ሲያገኙዋት ይደነግጣሉ፤ እንደ ገናም ይነሡባታል። ኮርያውያን የባልን ቤተ ሰብ ዓለም በቀልድ «ሺወልድ» ብለው ይጠሩታል፤ በበዓል ቀን ምራቶች ለባል አያቶች መታሰቢያ የሚሆነውን ማዕድ ሲያዘጋጁ የሚውሉበት፥ አማትም እንደ አዛዥ ቆማ የምትመለከትበት ዓለም ነው። ይህ የቀልድ ነገር ብቻ አይደለም፤ የሕግ ሥር ነበረው። እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ የኮርያ ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ የቤት አለቃ ስም በመዝገብ ይጻፍ ነበር፤ አለቃውም ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። ሴት ስታገባ ከአባትዋ መዝገብ ተፍቃ በባልዋ ቤት መዝገብ ትገባለች፤ ስትፋታም ተመልሳ ወደ አባትዋ መዝገብ ትጻፋለች፥ ወይም ለብቻዋ አዲስ ቤት ታቆማለች። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በየካቲት 2005 ይህ ሥርዓት ከሕገ መንግሥቱ ጋራ አይስማማም ብሎ ወሰነ፤ ከ2008 መጀመሪያ ጀምሮም እያንዳንዱ ሰው በገዛ ስሙ መዝገብ አገኘ። የሆነ ሆኖ መዝገብ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ የአማት ልብ ግን በሕግ አይታረምም። ዛሬ ኮርያውያን የተፋታን ሰው ተመልሶ ብቸኛ የሆነ እንደ ማለት «ዶልሲንግ» ይሉታል፤ ቃሉ ለወንዱም ለሴቲቱም አንድ ነው። መመለስ የሚለው አሳብ ግን ለሴቲቱ የዚያን የቀድሞ መዝገብ ሽታ ሳይይዝ አይቀርም።

የሥራችንም ጠባይ ስለሚያስገድደን በሕጉ ነገር ጥቂት እንቈይ። በኮርያ ባልና ሚስት በስምምነት ሊፋቱ ቢፈልጉ የቤተ ሰብ ፍርድ ቤት ፈቃዳቸውን ያረጋግጣል። በ1990 በአገሩ ሁሉ የተመዘገበው ፍቺ ከ45,000 ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በ2003 ግን ከ166,000 በላይ ደረሰ። በመካከሉ በ1997 የመጣው የገንዘብ ችግር ብዙ አባቶችን ከሥራ አስወጥቶ ነበር። መንግሥቱም ይህን አይቶ ከሰኔ 2008 ጀምሮ የማሰቢያ ጊዜ የሚባል አቆመ፤ ልጅ ያላቸው 3 ወር፥ ልጅ የሌላቸው 1 ወር ሳይቈዩ ፍቺው አይጸድቅላቸውም። የእኛም አገር የፌዴራሉ የቤተ ሰብ ሕግ፥ በእኛ አቈጣጠር በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው፥ ዳኛው እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅድለታል። አሁን አንባቢ ይቍጠርልን። ቴአትሩ የታየው በ2014 ነው፤ ሁለቱ የተፋቱት ከስድስት ዓመት አስቀድሞ ነው፤ ይህም በትክክል ያ ሕግ የቆመበት ዘመን ይሆናል። ልጅ ስለ ሌላቸው የሚደርሳቸው አንድ ወር ነበረ። አንድ ወር! ደራሲው የሰጣቸው ግን ስድስት ዓመትና አንድ የድንገተኛ ክፍል ነው።

የማሰቢያውን ጊዜ እንቃወማለን ማለት አይደለም፤ በእርሱ ምክንያት ወረቀታቸውን ይዘው የተመለሱ አሉ። ነገር ግን ጊዜው ሰዎቹን እንዲያስቡ ያዝዛቸዋል እንጂ እንዲተያዩ አያደርጋቸውም። ለየብቻ የሚያስብ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ያሰበውን ደግሞ ያስባል።

በመካከሉ አለቃው ጉክ ቾን-ሱ ያችን ሲገሥጻት የነበረችውን ተለማማጅ ሳያውቀው ይወድዳታል። እዚህ ላይ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን የተማርነው ነገር ትዝ አለን። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የተፈታች ሴት ሌላ ባል ካገባች በኋላ ወደ ፊተኛው እንዳትመለስ ይከለክላል፤ ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ በፊተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 7 የተለየች ሴት ሳታገባ እንድትኖር፥ ወይም ከባልዋ ጋራ እንድትታረቅ ያዝዛል። እንግዲህ በሩ ክፍት ሆኖ የሚቈየው ሌላ ሰው እስኪገባበት ድረስ ነው። የኮርያ ሕግ እንዲህ ያለ ክልከላ የለውም፤ ቢሆንም ተመልካቹ ያን በር ያያል። ደራሲውን የምናመሰግነው ሁለተኛውን ሰው ክፉ አድርጎ ስላልሣለው ነው። ቾን-ሱ ቅን ሰው ነው፤ በሙያውም የላቀ ነው፤ እርስዋንም አንድ ቀን አላዋረዳትም። በእርግጥ ልትመርጠው ትችል ነበር። ስለዚህ ወደ ቀድሞ ባልዋ መመለስዋ ሌላ ስላጣች አይደለም።

በዚያው በ2014 ኤምቢሲ የሚባለው ሌላው ጣቢያ በ16 ክፍል ይህን የመሰለ ነገር አሳይቶ ነበር፤ «ካኒንግ ሲንግል ሌዲ» ይሉታል። በዚያኛው ሚስቲቱ ባልዋ ሥራው ከሥሮ ደኽይቶ ሳለ ትፈታዋለች፤ ከዚያም እርሱ ከበለጸገ በኋላ በእርሱ ኩባንያ ውስጥ ትቀጠራለች። ጨዋታው ያምራል፤ ይሁን እንጂ የሰውየው ሀብት በመካከል ገብቶ እውነቱን ያደበዝዘዋል። በ2017 ኬቢኤስ ያሳየው የ12 ክፍሉ «ጎ ባክ ካፕል» ግን ይበልጥ የሚያሳዝን ነው፤ በ38 ዓመታቸው የተፋቱ ባልና ሚስት በተአምር ወደ 1999 ተመልሰው የ20 ዓመት ተማሪዎች ይሆናሉ። ሴቲቱ በዚያ የሞተች እናትዋን በሕይወት ታገኛለች፤ በኋላ ዘመን የቀረው ሕፃን ልጅዋ ግን ገና አልተወለደም። በቤታችን ይህን ያዩት ሴቶች ሁሉ አልቅሰዋል።

የልጁን ነገር ካነሣን፥ የፊተኛውን ቴአትር የምንነቅፈው በዚሁ ነው። ቻንግ-ሚንና ጂን-ሂ ልጅ የላቸውም፤ የሚከራከሩበት ቤትም የላቸውም፤ ሁለቱም ጤነኞችና መልከ መልካሞች ናቸው፤ በዚያ ሁሉ የሶል ከተማ ውስጥ ካሉት ሆስፒታሎች አንዱ ብቻ ይደርሳቸዋል። በችሎት የሚቆሙት እንዲህ አይደሉም። ልጁን ቅዳሜ ማን ይወስደዋል፥ የትምህርት ቤቱን ማን ይከፍላል በሚለው ጥያቄ ላይ የሚወጣው ምሬት ለሣቅ አይመችም። ሌላም ነቀፋ አለን፤ አርም የምትባለዋ ወጣት ተለማማጅ ቻንግ-ሚንን የምትወድደው ለጨዋታው ቅናት ስለሚያስፈልግ ብቻ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለእርስዋ ልብ የሚጨነቅ የለም።

ቢሆንም ፍጻሜው ወደ አሮጌው ቤት መመለስ አይደለም። ሁለቱ ሲታረቁ የቀድሞው ጋብቻ አልታደሰም፤ እርስዋ አሁን ሐኪም ናት፤ እርሱም በእናቱ ፊት ለሚስቱ ቃል መናገር የማይችል ልጅ አይደለም። ስለዚህ ነው እርቁን ያመንነው።

በምንሠራበት መዝገብ ቤት የፍቺ መዝገቦች በዓመተ ምሕረታቸው ተደርድረው ይቀመጣሉ። ተፋትተው የታረቁ ሰዎች መዝገባችንን ዝጉልን ብለው አይመጡም፤ የሚጻፍበትም ዓምድ የለም። ጥቂት ዓመት ይሆናል፥ ዕድሜያቸው ወደ ኀምሳ የቀረበ አንድ ሰውና አንዲት ሴት የቈየ የፍቺ ውሳኔ ግልባጭ ሊጠይቁ መጡ። ለምን ጉዳይ እንደሚፈልጉት ብንጠይቅ ሰውየው፥ ጋብቻ ለማስመዝገብ ወረዳው አምጡ ብሎን ነው አሉ። ከሁለታችሁ የማንኛችሁ ጋብቻ ነው ብንላቸው ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሣቁ፤ ሰውየውም፥ የሁለታችንም ነው ብለው መለሱ። ግልባጩን አዘጋጅተን ማኅተም መታንበት። ሰውየው የሚከፈለውን ለማውጣት ኪሳቸውን ሲዳብሱ ሴትዮዋ ቀና ሳይሉ፥ «በግራው ኪስህ ነው» አሉዋቸው።